የሚሊሺያ አያትን ታሪክ በመጽሐፍ የሚያዘጋጅ የጅማ ፎቶ ቤት፦ ስካኑ ይመሰገናል፣ ጽሑፉ ገና ነው

ጅማ መርካቶ አካባቢ ካሉት ፎቶ ቤቶች አንዱ ከሠርግና ከምረቃ ሥራው ጎን ለጎን የቤተሰብ ታሪክ በመጽሐፍ መልክ ያዘጋጃል። ደንበኛው የአያቱን ወይም የቅድመ አያቱን ፎቶ፣ መታወቂያ፣ ደብዳቤና ሜዳሊያ ይዞ ይሄዳል። ፎቶ ቤቱ ስካን አድርጎ፣ ጽሑፉን ተይቦ፣ የትውልድ ሐረጉን ሥሎና ጠርዞ ያስረክባል። ለዚህ አገልግሎት አዘውትረው የሚመጡት የሚሊሺያ ቤተሰቦች ናቸው። መደበኛ ወታደር የነበረ ሰው ስሙና ማዕረጉ የሰፈረበት የሠራዊት መዝገብ ይኖረዋል። ሚሊሺያ ግን ከገበሬ ማኅበሩ ወጥቶ የዘመተ፣ ዕድሜ ከሰጠውም ተመልሶ ሞፈሩን የጨበጠ አራሽ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለልጅ ልጆቹ የሚተርፋቸው ሣጥን ውስጥ የተቀመጠችው ጥቂት ወረቀትና አዛውንቶች የሚያስታውሱት ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው ሲበላሽ ጉዳቱ ከሠርግ አልበም ይበልጣል፤ ደግሞ የሚነሣ ፎቶ የለም።

ፍርዱን አስቀድሞ መናገር ይሻላል። ለስካንና ለጥረዛ ይህ ቤት ይመከራል። የሕይወት ታሪኩን ጽሑፍ ግን በነሱ ቅጽ ብቻ ማስጻፍ አይመከርም።

ከስካኑ እንጀምር። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ጠፍጣፋ ስካነር አላቸው፤ ፎቶን በስልክ አንሥተው «ይበቃል» አይሉም። ፖስት ካርድ የሚያክለውን ፎቶ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ)፣ ተራ ደብዳቤን በ300 ይሠሩታል። ዋናው ፈተና የጉርድ ፎቶ ነው። የብዙ ሚሊሺያ ብቸኛ ምስል መታወቂያ ላይ የተለጠፈችው 3 በ4 ሴንቲሜትር ፎቶ ናት። እሷን በ300 ዲፒአይ ስካን ማድረግ 354 በ472 ነጥብ ብቻ ይሰጣል፤ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ሲያሳድጉት ፊቱ ይፈርሳል። በ1200 ሲሠራ 1417 በ1890 ነጥብ ይሆናል፤ ይህ 12 በ16 ሴንቲሜትር ድረስ በጥራት ይታተማል። ቤቱ ይህን ያውቃል፣ ሳይጠየቅም ያደርገዋል። ከዚያ በላይ ማሳደግ የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣ ግን እንደማይሆን ቢነግሩት ደግ ነበር፤ ዝም ብለው ያትሙለታል።

ፋይሉን ሲያስረክቡ ጄፔግ ብቻ በፍላሽ ይሰጣሉ። ቲፍ የሚባለውን የፋይል ዓይነትም መጠየቅ ያስፈልጋል። ጄፔግ እየተከፈተና እየታረመ በተቀመጠ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል፤ ቲፍ ቦታ ቢበላም እንዳለ ይቆያል። ከጠየቋቸው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጣሉ።

የጅማ እርጥበት ለብቻው የሚነሣ ጉዳይ ነው። ክረምቱ ረጅም፣ ዝናቡ ብዙ በሆነበት አገር መስታወት ውስጥ ተቀርጾ የተሰቀለ ፎቶ ከመስታወቱ ጋር ይጣበቃል። ልምድ የሌለው ሠራተኛ በቢላ ጫፍ ሊያላቅቀው ይሞክራል፤ ያኔ የፊቱ ግማሽ መስታወቱ ላይ ይቀራል። እዚህ ቤት ያሉት ከነመስታወቱ ስካን ያደርጉታል፣ ወይም መብራቱን ከሁለት ጎን በ45 ዲግሪ አድርገው በካሜራ ያነሡታል። ትክክለኛው መንገድ ይኸው ነው። ሻጋታ የያዘ ፎቶ ሲመጣም በእርጥብ ጨርቅ አይነኩትም፤ አድርቀው በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉለታል።

አንድ ነገር ግን እምቢ ሊባሉ ይገባል፤ ላሚኔሽን፣ ማለትም ወረቀትን በሙቅ ፕላስቲክ ማሸግ። «ወረቀቱ እንዳይቀደድ» ብለው የቀድሞውን መታወቂያ ወይም የገበሬ ማኅበሩን ደብዳቤ ሊያሽጉ ይነሣሉ። ሙቀቱ የማኅተሙን ቀለም ሊያደበዝዘው ይችላል፣ ፕላስቲኩ እርጥበቱን ውስጥ ይዘጋበታል፣ አንዴ ከተለጠፈም መመለሻ የለውም። ቅጂው ይታሸግ፤ ዋናው በነጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ፖስታ ውስጥ ይቀመጥ። ሜዳሊያ ካለም በሎሚና በአመድ አይወልወል። የፊቱንም የጀርባውንም ፎቶ ማንሣት፣ ሪባኑ ከተቀደደ ከነቅዳጁ ማኖር ይበቃል።

ፎቶ ማደሱ ላይ ሁለት ዓይነት እጅ አለ። ጭረትና ነጠብጣብ የሚያጠፋው ልጅ ጥንቁቅ ነው። ሌላው ግን በስልክ መተግበሪያ ፊት «ያጠራል»፣ ቀለምም ይሰጣል። መተግበሪያው የደበዘዘ ዓይንና አፍንጫ ሲያገኝ ከራሱ ፈጥሮ ይሞላል፤ የሚወጣው ያማረ ፊት ነው፣ ግን የሰውየው ፊት አይደለም። የልብሱንም ቀለም እንዲሁ ይገምታል። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ቡኒው ካኪ አረንጓዴ ሆኖ፣ ነጭ ጋቢው ሰማያዊ ሆኖ ሲወጣ ከ20 ዓመት በኋላ የሚያየው ልጅ «አያቴ የለበሱት ይህን ነበር» ብሎ ያምናል። ቀለም የተቀባው ምስል በመጽሐፉ ውስጥ መግባት ካለበት ከጎኑ ያልተነካው ይቀመጥ፣ ከሥሩም «ቀለሙ የተጨመረ ነው» ተብሎ ይጻፍ። ይህን በቅድሚያ በቃል ሳይሆን በማዘዣ ወረቀቱ ላይ ማስፈር ይሻላል።

የፎቶን ዘመን በመገመት ላይ ይህ ቤት ሊመሰገን ይገባዋል። ሽማግሌው ባለቤት መሣሪያውን አይተው ይናገራሉ። ውጅግራ፣ ምንሽር ወይም አልቤን የያዘ ሰው ፎቶ ከጣሊያን በፊት ወይም በጣሊያን ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ ጠመንጃዎች ግን ከዚያም በኋላ በገጠር ለረጅም ዘመን ስለቆዩ ብቻቸውን አያስረዱም። ኤም ዋን ከ1945ቱ የአሜሪካ ወታደራዊ ስምምነት በኋላ ያለውን ዘመን ያመለክታል። ክላሽ ከሆነ ፎቶው ከ1969 ወዲህ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ዝናሩ የቆዳ ነው ወይስ የሸራ፣ ወረቀቱ ጠርዙ የተከረከመ ነው ወይስ ቀጥ ያለ፣ ጀርባው ላይ የፎቶ ቤት ማኅተም አለ ወይ፣ ይህን ሁሉ ያያሉ። ፎቶ ሲነሡ መሣሪያ መዋስ የተለመደ መሆኑንም አይረሱም። ጀርባው ላይ መጻፍ ካስፈለገ በእስክሪብቶ ሳይሆን በለስላሳ እርሳስ ይጽፋሉ።

ወደ ጽሑፉ ስንመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቤቱ ለሁሉም ሰው አንድ ቅጽ አለው፦ ስም፣ ማዕረግ፣ ክፍለ ጦር፣ የተሳተፈበት ጦርነት፣ የተሸለመው። ቅጹ ለመደበኛ ወታደር የተሠራ ነው። የሚሊሺያ ቤተሰብ «ማዕረግ» የሚለውን ባዶ ሲተወው ታይፒስቷ «ወታደር» ብላ ትሞላዋለች፤ አንዳንዴም «አርበኛ»። በዚህ አንድ ቃል የሰውየው ሕይወት ይዛባል።

በአያት ቅድመ አያት ዘመን ሁሉም መሣሪያ ያነገተ አንድ አይደለም። በ1928 የክተት አዋጅ ሲታወጅ ከየባላባቱና ከየሹሙ ጋር የዘመተው ስንቁን ራሱ ይዞ የወጣ ነው። ከዚያ በኋላ በ5ቱ የጠላት ዓመታት የተዋጋው አርበኛ ይባላል። እዚህ አካባቢ ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ ላይ እጃቸውን እስኪሰጡ ድረስ የነበረው ጦር አለ፤ ጅማ በሰኔ 1933 ነፃ ስትወጣ የአርበኛው የገረሱ ዱኪ ወገን የነበረውም አለ። በንጉሡ ዘመን በገጠር ፀጥታ ያስከብር የነበረው ነጭ ለባሽ ደግሞ ሌላ ነው፤ ስሙ እንደሚናገረው የደንብ ልብስ የሌለው፣ በጋቢውና በነጠላው የሚወጣ የአካባቢ ሰው ነበር። ቀጥሎ የደርግ ዘመን ይመጣል። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀና የገበሬ ማኅበራት ከተቋቋሙ በኋላ በማኅበሩ ውስጥ የአብዮት ጥበቃ ጓድ ተመሠረተ፤ የዚህ ሥራ ቀበሌው ውስጥ ነው። ሚሊሺያ የሚባለው፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1969 የእናት ሀገር ጥሪ ከተላለፈ በኋላ ከየማኅበሩ ተመልምሎ፣ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ፣ በሰኔ 1969 አዲስ አበባ አብዮት አደባባይ ላይ ተሰልፎ ወደ ግንባር የተላከው ነው። በ1975 ከወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በኋላ የተወሰደው ወጣት ደግሞ ብሔራዊ ውትድርና እንጂ ሚሊሺያ አይባልም። ከ1983 ወዲህ በወረዳ ሚሊሺያ ጽሕፈት ቤት ሥር ያለው የቀበሌ ሚሊሺያም ሌላ ነው።

ሰባት ዓይነት ሰው «ወታደር» በሚል አንድ ቃል ሥር ሲገባ የልጅ ልጁ ፍለጋ ከመጀመሪያው ይስታል። ነጭ ለባሽ የነበረን ሰው በጦር ሠራዊት መዝገብ የሚፈልግ ሰው ዓመት ቢደክም አያገኝም። የሚሊሺያን ዱካ ደግሞ መጀመር ያለበት ከገበሬ ማኅበሩ ነው፤ ማኅበሩ ማን ይባል ነበር፣ ሊቀመንበሩ ማን ነበር፣ አብረው የወጡት ስንት ነበሩ፣ ማን ተመለሰ። በአንድ ቀን ከአንድ ማኅበር የወጡ ሰዎች ልጆች ዛሬም ማና፣ ቀርሳ፣ ዴዶ፣ ሰቃ ጮቆርሳ ውስጥ ጎረቤታሞች ናቸው። አንደኛው ቤት ያጣውን ፎቶ ሌላው ቤት ይዞታል።

ስለዚህ ቅጹን ወደ ጎን ትቶ በባዶ ወረቀት እነዚህን ጽፎ መሄድ ይሻላል፦ ከየትኛው ማኅበር ወጡ፤ በየትኛው ወር፤ ዕጣ ወጥቶባቸው፣ ተመርጠው ወይስ በፈቃዳቸው፤ የት ሠለጠኑ፤ የትኛው ግንባር ገቡ፤ የቆሰሉ ከሆነ የት ታከሙ፤ መሣሪያውን ለማን አስረከቡ፤ በስንት ዓመታቸው ተመለሱ። ያልተመለሱ ከሆነ መርዶው መቼ፣ በማን በኩል መጣ። ይህ የመጨረሻው በቅጹ ላይ ጨርሶ የለም፤ ብዙ ቤተሰብ ደግሞ ከሁሉ አጥርቶ የሚያስታውሰው እሱን ነው።

አዛውንቶችን ዓመተ ምሕረት መጠየቅ አያዋጣም። ፎቶ ቤቱ ድምፅ ለመቅዳት የሚልከው ልጅ «በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ እሳቸውም እንዳያሳፍሩት አንድ ቁጥር ይሰጡታል፣ ቁጥሩም መጽሐፍ ላይ ይወጣል። መጠየቅ ያለበት በአገር ምልክት ነው። መሬት ለአራሹ ሲታወጅ አግብተው ነበር? ብር ሲቀየር ነበሩ ወይስ ሄደዋል? የብር ለውጡ በ1969 መጀመሪያ ስለሆነ የታጠቅን ዘማች ለመለየት ግሩም መስፈሪያ ነው። ጅጅጋ ስትያዝ እዚያ ነበሩ፣ ወይስ ስትመለስ? የመጀመሪያው መስከረም 1970፣ የሁለተኛው የካቲት 26 ቀን 1970 ነው፤ በመሐሉ ያሉት ወራት ሐረርንና ድሬዳዋን የጠበቀውን ሰው ካራማራ ላይ ከወጣው ይለዩታል። የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ ሲደረግ፣ ማለትም ግንቦት 1976፣ ቤት ውስጥ ተቆጥረዋል? በ77ቱ ድርቅስ? በዚህ መንገድ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከተዘበራረቀ ወሬ ቅደም ተከተል ይወጣል።

የስም ነገር በጅማ ለብቻው ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንድ ሰው የመጠሪያ ስሙ አንድ፣ የፈረስ ስሙ «አባ እገሌ» ሌላ፣ የሃይማኖት ስሙ ደግሞ ሌላ ሊሆን ይችላል። የቀበሌው መታወቂያ በአንዱ፣ የሠልጣኝ ዝርዝር በሌላው ይጽፈዋል። ፎቶ ቤቱ ከሦስቱ አንዱን መርጦ ሌሎቹን ይጥላል፤ ሦስቱም እንዳሉ መግባት አለባቸው። ፊደሉም እንዲሁ። ኃይሌን በ«ሀ»፣ ሠይድን በ«ሰ»፣ ዓሊን በ«አ» የጻፈ ወረቀት ካለ ታይፒስቷ ልታርመው አይገባም፤ ወረቀቱ እንደጻፈው ይቅዳ፣ የተለመደው አጻጻፍ በግርጌ ይቀመጥ። ከ1983 በፊት ያለው ወረቀት በአማርኛ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ የአንድ ሰው ስም በሁለት ጽሕፈት ሲገናኝ ሁለት ሰው ይመስላል።

የቦታ ስምም ይሳሳታሉ። ለ1969 ታሪክ «ኦሮሚያ ክልል፣ ጅማ ዞን» ብለው ይጽፋሉ። ያኔ ከፋ ክፍለ ሀገር፣ ጅማ አውራጃ ነበር፤ ጅማ ከተማ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ናት። በሊሙ አውራጃ የተወለደ ሰው በሊሙ መጻፍ አለበት። አዲስ አበባ ወመዘክር (ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ወርዶ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው በዘመኑ የግዛት ስም ነው።

ዘመን አቆጣጠር ላይ ውጭ አገር ላሉ ልጆች በፈረንጅ ቀን እንዲጻፍ ሲጠየቁ በሁሉም ላይ 8 ይደምራሉ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚደመረው 7 ነው፤ ኅዳር 1970 የፈረንጅ 1977 እንጂ 1978 አይደለም። የልደት ቀን በቁርኣን ሽፋን ውስጥ በሂጅራ የተጻፈበት ቤት ደግሞ ብዙ ነው። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ አንድ ቋሚ ቁጥር መቀነስ አይቻልም፤ 33 የሂጅራ ዓመት 32 የኛ ዓመት ገደማ ነው። ዋናው ጽሑፍ ፎቶ ተነሥቶ ይግባ፣ ስሌቱ ከጎኑ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የቤተሰቡ ክፍል ነው። የሚሥሉት የትውልድ ሐረግ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚወርድ ቀጭን መስመር ነው። ሚስትየዋ «ባለቤታቸው» ተብላ በአንድ ቃል ታልፋለች። ሚሊሺያው ለዘመተበት ጊዜ ሁሉ ቤቱን ያቆመችው እሷ ናት። የዘማችን መሬት የማኅበሩ አባላት እንዲያርሱ ይደረግ ነበር፤ ማን አረሰው፣ በወቅቱ ደረሰ ወይስ ዘሩ አለፈ፣ ቡናውን ማን ለቀመ፣ ከብቱ ተሸጠ ወይ፣ ልጆቹ ወደ አጎት ቤት ሄዱ ወይ፣ ይህን የምታውቀው እሷና ታላቅ ሴት ልጇ ናቸው። ቃለ ምልልሱን ከነሱ መጀመር ይገባል። ሐረጉም የእናት ወገንን ይያዝ፤ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ቤተሰብ የእናትን ወገን ጥሎ የሚቆጥረው ነገር የለውም። ሁለት ሚስት የነበራቸው ከሆነ የእያንዳንዷ ልጆች በየእናታቸው ሥር ይሣሉ። ቤቱ ይህን ከተነገረው ይሠራዋል፣ ወረቀቱን ሰፋ አድርጎ ኤ3 ላይ አትሞ አጥፎ ያስገባል። ሳይነገረው ግን አይሠራውም።

ትየባው ንጹሕ ነው፤ ግድፈቱ በ40 ገጽ ከአምስት ስድስት አይበልጥም። ግን በድሮው የግዕዝ ፊደል ፕሮግራም ስለሚተይቡ ፋይሉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ምልክት ሆኖ ይበተናል። በየትኛውም ኮምፒውተር በሚነበበው ፊደል፣ «በዩኒኮድ ተይቡልኝ» ማለትና ከመክፈል በፊት ፋይሉን በራስ ስልክ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

ጥረዛው ጥሩ ነው። በ16 ገጽ እያጠፉ በክር ይሰፉታል፣ ሽፋኑ ጠንካራ ካርቶን ነው። ርካሹን የሽቦ ስፓይራል መምረጥ አይበጅም፤ በጅማ አየር ሽቦው ዝጎ ወረቀቱን ያቆሽሻል። ጽሑፉ በሌዘር፣ ፎቶው ወፈር ባለ ወረቀት ላይ ይታተም፤ በተራ ፈሳሽ ቀለም የታተመው እርጥበት ሲነካው ቀለሙ ይፈስሳል።

ክፍያው በገጽና በፎቶ ብዛት ነው፤ ግማሹን በቅድሚያ ይቀበላሉ። ሦስት ሳምንት ብለው አምስት ይወስዳሉ፣ በሠርግ ወራት ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ለተስካር፣ ለሙት ዓመት ወይም ለዱዓ ቀን የሚፈለግ ከሆነ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ማዘዝ ነው። ዋናውን ፎቶና ወረቀት ትቶ መውጣት ግን አይገባም። ስካን የሚያደርጉት ጠዋት ሥራ ሳይበዛ ስለሆነ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደርሶ፣ አጠገባቸው ቆሞ አስጨርሶ፣ የተቆጠረውን ወረቀት መልሶ ቆጥሮ ይዞ መሄድ ይቻላል። ከመታተሙ በፊት የሚሰጡትን የሙከራ ቅጂ ቤት ወስዶ በዕድሜ ለገፉት ጮክ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። ስም ሲሳሳት በጽሑፍ ያላዩትን በጆሮ ይይዙታል፤ አንዳንዴም እዚያው ላይ፣ አብሮ ወጥቶ ያልተመለሰ ሌላ ሰው ስም ያነሣሉ።